ለአፉላ የሚበቃ ፍጥነት

ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በሚኖሩባት በእስራኤሏ አፉላ ከተማ፣ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚውል ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ዘግይቶም ቢሆን የሚደርስበት አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም ልጁ የጻፈው ፕሮግራም አልሄድ ሲለው፣ የተጻፈበትን ቋንቋ ሳይለውጥ ከሥር ያለውን ሞተር ብቻ በሌላ ፈጣን ሞተር መተካት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ነው። ክርክሩ በመሠረቱ የባለሙያዎች ቢሆንም፣ ልጁ ፕሮግራሙ እስኪጨርስ ከወንበሩ ስለማይነሣና የተጠራበት ቡና ከአቦል አልፎ በረካ ላይ ስለሚደርስ፣ እናትም አያትም የበኩላቸውን አስተያየት መስጠታቸው አልቀረም። የእናት አቋም አብዛኛውን ጊዜ «ልጄ፣ ኮምፒውተሩን ለምን አትቀይረውም?» የሚል ሲሆን፣ ይህ ሐሳብ ብዙ ኩባንያዎች ከረጅም ስብሰባ በኋላ ከሚደርሱበት ውሳኔ ጋር አንድ በመሆኑ ሊናቅ የሚገባው አይደለም።

ጉዳዩን ለመመርመር አስቀድሞ ቋንቋውንና ማስኬጃውን መለየት ያስፈልጋል። የፕሮግራም ቋንቋ ማለት ሰው ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጽፍበት፣ የራሱ ሰዋስው ያለው የጽሑፍ ሥርዓት ነው፤ ማስኬጃ ወይም ባለሙያዎቹ በተለምዶ ራንታይም የሚሉት ደግሞ ያንን ጽሑፍ አንብቦ፣ ወደ ማሽኑ ሥራ አውርዶ፣ የሚያስፈልገውን ሜሞሪ እየሰጠና እየነሣ ትእዛዙን እስከ ፍጻሜው የሚያደርሰው ሌላ ፕሮግራም ነው። አንድ ቋንቋ ከአንድ በላይ ማስኬጃ ሊኖረው ይችላል። ከእነዚህም አንዱ፣ ብዙ ጊዜ የቋንቋው ፈጣሪ ራሱ የጀመረው፣ እንደ መደበኛ ሲቆጠር ሌሎቹ አማራጭ ይባላሉ፤ በዚህ ሙያ ውስጥ አማራጭ መባል ፈጣን፣ የሚደነቅና ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መሆንን ያመለክታል።

መደበኛው ማስኬጃ የሚዘገየው ከስንፍና ሳይሆን ከጥንቃቄ የተነሣ ነው። እንደ ፓይተንና ፒኤችፒ ባሉ ቋንቋዎች አንድ ስም አሁን ቁጥር፣ ቆይቶ ጽሑፍ ሊይዝ ስለሚችል፣ ማስኬጃው ሁለት ነገሮችን ደምር በተባለ ቁጥር የሁለቱንም ማንነት ይጠይቃል፤ ትእዛዙ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገም፣ ያንኑ ቁጥር የሚያቀርቡለት ያው ሰዎች ቢሆኑም እንኳ፣ አንድ ሚሊዮን ጊዜ መታወቂያ ያያል። ፈጣኑ አማራጭ ግን ጂት የሚባል ክፍል አለው። ጂት ፕሮግራሙ በመሄድ ላይ ሳለ የትኛው ክፍል እንደሚደጋገም እየተከታተለ፣ እስካሁን የመጣው ሁሉ ቁጥር ከሆነ ወደፊትም የሚመጣው ቁጥር ነው ብሎ በመገመት ያንን ክፍል በቀጥታ በማሽኑ ቋንቋ የሚጽፍ ሲሆን፣ ግምቱ ሲከሽፍ ሥራውን ወደ ቀድሞው ጥንቃቄ ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ ትዝብት ጊዜና ሜሞሪ ስለሚጠይቅ፣ በአንድ ሴኮንድ ለሚያልቅ ሥራ ጂቱ ገና ሲዘጋጅ ሥራው ያልቃል፤ ለሰዓታት ለሚሄድ ስሌት ግን ልዩነቱ የሚያስገርም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው ለአፉላ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም፤ አማራጭ ሆኖ ጀምሮ መደበኛ ለመሆን የበቃ ማስኬጃ ታሪክ የተጀመረው ከከተማይቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በሃይፋ ነውና። ፒኤችፒ የተባለውን የድረ ገጽ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው በግሪንላንድ የተወለደው ራስመስ ሌርዶርፍ ሲሆን፣ ዓላማውም የራሱን ገጽ ማስተዳደር እንጂ ለዓለም ቋንቋ ማበርከት አልነበረም፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን መሣሪያውን ለሕዝብ ለቀቀው። በ1997 በሃይፋው የቴክኒዮን ተቋም ይማሩ የነበሩት አንዲ ጉትማንስና ዜቭ ሱራስኪ ለትምህርታቸው የኢንተርኔት ግብይት ፕሮግራም ሲሠሩ፣ የወቅቱ ፒኤችፒ አቅሙም ስልቱም እንደሚያንሳቸው ተረዱ። እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሌላ ቋንቋ ይመርጣል ወይ ቅሬታውን ጽፎ መልስ ይጠብቃል፤ እነዚህ ሁለት ተማሪዎች ግን ቋንቋውን ትተው የቋንቋውን አንባቢ፣ ማለትም የተጻፈውን ኮድ ፈትቶ የሚረዳውን የውስጥ ክፍል፣ እንደ አዲስ ጻፉት። የቤት ሥራን ከመሥራት ለማምለጥ ከተፈለሰፉት ዘዴዎች ሁሉ ይህን ያህል ፍሬ ያፈራ ሌላ መኖሩ ያጠራጥራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሌርዶርፍ ድርሻ ነው። የራሱ ሥራ በሌሎች እጅ እንደ አዲስ ተጽፎ ሲመጣለት ከመከራከር ይልቅ ተባባሪ ሆነ፤ አዲሱ ሥራም ፒኤችፒ 3 ተብሎ በ1998 በይፋ ወጣ። ሁለቱ ወጣቶች በዚያው ዓመት መጨረሻ የውስጡን ሞተር ዳግመኛ ማሻሻል ጀምረው፣ ከዜቭና ከአንዲ ስሞች ገጣጥመው ዜንድ ብለው ሰየሙት፤ ይህን ሞተር የያዘው ፒኤችፒ 4 በሜይ 2000 ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ዜንድ ራሱ መደበኛው ሆነ፤ አማራጭ ነበር ብሎ የሚያስታውሰውም ጠፋ። ለዚህ መሳካት ምክንያት የሆነው ፍጥነቱ ብቻ ነው ቢባል ስሕተት ይሆናል። የቋንቋው ባለቤት ፈቀደ፤ በወቅቱ በቋንቋው የተጻፈው ኮድም ገና ጥቂት ስለ ነበር የሚሰበር ነገር አልበዛም። ከዚያ በኋላ የመጡት አማራጮች እነዚህን ሁለት ዕድሎች በአንድነት አላገኙም።

ይህን በግልጽ ያሳየው ፌስቡክ ነው። ፌስቡክ በፒኤችፒ ተጽፎ ያደገ በመሆኑ፣ ማስኬጃው የሚያባክነው እያንዳንዱ ቅንጣት ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ተጨማሪ ሰርቨሮች ግዢ ሆኖ ይመለስበት ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በመጀመሪያ የፒኤችፒን ኮድ ወደ ሲፕላስፕላስ ቋንቋ የሚለውጥ ሂፕሆፕ የሚባል መሣሪያ ሠርተው በ2010 ለሕዝብ ለቀቁ፤ ቀጥለውም በ2013 በእርሱ ቦታ ጂት ያለውን ኤችኤችቪኤም የተባለ ማስኬጃ ተኩ። ይህ ማስኬጃ ለማንም ክፍት ስለ ነበርና ፍጥነቱም እውነተኛ ስለ ነበር፣ በመላው ዓለም በፒኤችፒ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁ ጀመር፤ እንሂድ ወይስ እንቅር?

ከሄዱት መካከል ታላቁ ዊኪፔዲያ ነበር። ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ የተባለው ሶፍትዌር በፒኤችፒ የተጻፈ ሲሆን፣ በ2014 መጨረሻ ሰርቨሮቹ ወደ ኤችኤችቪኤም ተዛወሩ፤ አንድ አርታኢ የጻፈውን ገጽ ለማስቀመጥ የሚጠብቀውም ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። የአማርኛው ዊኪፔዲያም ከሌሎቹ ቋንቋዎች ጋር በአንድ ሥርዓት ስለሚስተናገድ፣ በአፉላም ሆነ በጎንደር ተቀምጦ ስለ ዐፄ ፋሲል የተጻፈውን ያረመ ሰው፣ ማንም ሳያማክረው ከአንዱ ማስኬጃ ወደ ሌላው ተሻግሯል። አንባቢው ግን ልዩነቱን ያውቅ ዘንድ ምንም ምክንያት አልነበረውም። ዊኪፔዲያ ለአንባቢዎቹ ከሚያቀርባቸው ገጾች አብዛኞቹ ቀድመው ተዘጋጅተው በመሸጎጫ ውስጥ፣ ማለትም ያለቀለት ገጽ ለቀጣዩ ጠያቂ በሚቀመጥበት ማከማቻ ውስጥ ስለሚቆዩ፣ ለማንበብ ብቻ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማስኬጃውን ጨርሶ አይቀሰቅሰውም። ሞተሩን በመለወጥ የተገኘው ጥቅም የጸሐፊዎቹ ሲሆን፣ አንባቢዎቹን ከዚያ ቀደም ብሎ ያስጠቀማቸው ሥራን ጨርሶ አለመሥራት ነበር፤ ይህን ሁለተኛውን ዘዴ በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ሰው ያለ ምንም ሥልጠና ይሠራበታል።

የታሪኩ ዋና ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የመደበኛው ፒኤችፒ ሠሪዎች ተፎካካሪያቸው በአደባባይ ሲያልፋቸው አይተው ዝም አላሉም። በዜንድ ይሠራ የነበረው ዲሚትሪ ስቶጎቭ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሞተሩ መረጃን በሜሞሪ የሚያስቀምጥበትን መንገድ ከሥሩ አሻሻለ፤ በዲሴምበር 2015 የወጣው ፒኤችፒ 7 በብዙ ሥራዎች ላይ ከቀዳሚው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ፍጥነት ይዞ መጣ። የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ፍጥነት ያለ ጂት የተገኘ መሆኑ ነው፤ የተሠራው መረጃን አጠጋግቶ መደርደርና አላስፈላጊ የሜሞሪ ጥያቄን መቀነስ ነበር። ከዚያ በኋላ የኤችኤችቪኤም ሠሪዎች በ2017 ማስኬጃቸው ፒኤችፒ 7ን መከተል እንደማይቀጥልና ሃክ ለተባለው ለፌስቡክ የራሱ ቋንቋ ብቻ እንደሚያገለግል አስታወቁ። ዊኪፔዲያም ዕቃውን ሸክፎ በ2019 ወደ መደበኛው ፒኤችፒ ተመለሰ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የነበሩ ሁለት ሰዎች ቢታሰቡ፣ አንዱ ትጉ ሆኖ በ2014 ወደ ፈጣኑ ማስኬጃ ሄደ፤ ኮዱን አስተካከለ፣ ሰርቨሩን ለወጠ፣ ሌሊት ተነሥቶ የማይታወቅ ስሕተት ፈለገ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ ሄደው። ሌላው ምንም አላደረገም፤ ወንበሩ ላይ ተደግፎ የአፉላን ሱፍ እየፈለቀቀ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን መደበኛውን ማስኬጃ ሲያድስ ፕሮግራሙ ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሄደለት። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ለትጉሃን የሚያስደስት አይደለም፤ አማራጭ ፈጣን ማስኬጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅመው ወደ እርሱ ያልሄደውን ሰው ነው። በእርሱ የተነሣ የሚያፍረውና የሚነቃው መደበኛው ነውና። ይሁን እንጂ ሁሉም ተደግፎ ቢጠብቅ የሚያሳፍር አይገኝም ነበር፤ ስለዚህ የትጉሁ ድካም ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ደመወዙ ለሌላ ሰው መከፈሉ ነው እንጂ።

በጃቫስክሪፕት በኩል ኖድ የተባለውን የተለመደ ማስኬጃ ዴኖና በን የተባሉት አማራጮች ሲጎነትሉት ያው ነገር በመደጋገም ላይ ነው፤ ዴኖን የጀመረው ኖድን የሠራው ሪያን ዳል ራሱ መሆኑ ብቻ ጉዳዩን ትንሽ ያሳምረዋል። የበለጠ ሊታይ የሚገባው ግን ፓይተን ነው፤ በአፉላ ያለው ወጣትም የመጀመሪያ ፕሮግራሙን የጻፈው በእርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጊዶ ቫን ሮሱም በ1991 ለሕዝብ ያወጣው ፓይተን መደበኛ ማስኬጃው በሲ ቋንቋ ስለ ተጻፈ ሲፓይተን ይባላል። ይህን ለማፍጠን የተነሡት ሰዎች ታሪክ ረጅም የተዝካር መዝገብ ይመስላል። አርሚን ሪጎ ሳይኮ የተባለ ማፍጠኛ ሠራ፤ በ2003 ከባልደረቦቹ ጋር ፓይፓይ የተባለውን ሙሉ አማራጭ ሲጀምር ሳይኮ ቀስ በቀስ ተተወ። የጉግል መሐንዲሶች በ2009 ፓይተንን 5 እጥፍ ለማፍጠን አስበው አንሌደን ስዋሎው የተባለ ሥራ ጀምረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዉት። ድሮፕቦክስ፣ ቫን ሮሱም ራሱ ተቀጥሮበት በነበረበት ጊዜ፣ በ2014 ፒስተን የተባለ ሌላ ማስኬጃ አስተዋውቆ በ2017 ድጋፉን አቆመ፤ የቋንቋውን ፈጣሪና የቋንቋውን ተቀናቃኝ በአንድ ደመወዝ መዝገብ መያዝ የጥንቃቄ ምልክት ይሁን የግራ መጋባት ለመወሰን አስቸጋሪ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ጸንቶ የቆየው ፓይፓይ ሲሆን፣ ሠሪዎቹ በሚያወጧቸው የፍጥነት መለኪያዎች ከሲፓይተን በአማካይ 3 እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። መደበኛው በበኩሉ እንደ ልማዱ ነቃ፤ ቫን ሮሱም ከጡረታ ተመልሶ ማይክሮሶፍት ከገባ በኋላ ማርክ ሻነን ከነበረበት ቡድን ጋር በተሠራው ሥራ፣ በኦክቶበር 2022 የወጣው ፓይተን 3.11 ከቀዳሚው በአማካይ 25 በመቶ ፈጠነ፤ በኦክቶበር 2024 የወጣው 3.13 ደግሞ ለሙከራ ያህል የራሱን ጂት ይዞ መጣ።

ሦስት እጥፍ ከሃያ አምስት በመቶ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ ዓለም ሁሉ ለምን ወደ ፓይፓይ አልሄደም የሚለው ጥያቄ መልሱ በአፉላ የባቡር ጣቢያ ይገኛል። ከሃይፋ እስከ ደርዓ በ1905 በተከፈተው የኦቶማን ዘመን ሐዲድ ላይ ጣቢያ የነበራት አፉላ፣ ለአሥርተ ዓመታት ያለ ባቡር ከቆየች በኋላ በ2016 ከሃይፋ እስከ ቤት ሸአን በተዘረጋው አዲስ መስመር ላይ እንደገና ጣቢያ አገኘች። ወደ ሃይፋ የሚሄድ ሰው በዚህ ባቡር ተደስቶ ይኖራል። ወደ ቴል አቪቭ ለሚሄድ ሰው ግን ሐዲዱ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወደ ሃይፋ ወስዶ ከዚያ በባሕሩ ዳር ወደ ደቡብ የሚመልስ በመሆኑ፣ በቁጥር 65 መንገድ በዋዲ ዓራ በኩል በቀጥታ የሚወርደው አውቶቡስ፣ በራሱ ፍጥነት ከባቡሩ ቢያንስም፣ የሚሸፍነው ርቀት አጭር ነው። የዮቅነዓም ተሳፋሪም የዮቅነዓምን ስም የያዘው ጣቢያ በክፋር የሆሹዓ አጠገብ መሆኑን የሚያውቀው ከወረደ በኋላ ነው፤ ወደ ሥራ ቦታው ለመድረስ ደግሞ ሌላ መኪና ይጠብቃል።

ፓይፓይም እንዲሁ ነው። ንጹሕ የፓይተን ኮድ፣ ማለትም ከፓይተን ውጪ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ምንም ክፍል የሌለው ፕሮግራም፣ በሐዲዱ ላይ ስለሚሄድ ይበርራል። ነገር ግን የዛሬ የፓይተን ተጠቃሚ ከባድ ስሌቱን የሚያሠራው እንደ ናምፓይ ባሉ፣ ዋና ክፍላቸው በሲ በተጻፈ ላይብረሪዎች ነው፤ እነዚህም የተሠሩት የሲፓይተንን የውስጥ አሠራር ተማምነው ስለሆነ፣ ፓይፓይ እነርሱን ለማስተናገድ የሲፓይተንን ጠባይ የሚያስመስል ድልድይ ያበጅላቸዋል፤ በድልድዩ በተሻገሩ ቁጥርም በሐዲዱ ላይ የተረፈው ጊዜ ይበላል። ከዚህም በላይ ሲፓይተን ራሱ ናምፓይን ሲጠራ የሚሠራው ሲ ስለሆነ፣ ያ ሥራ መጀመሪያውኑ ዝግተኛ አልነበረም። ሌላም ልዩነት አለ። ሲፓይተን አንድን ነገር ስንት ቦታ እንደሚፈለግ እየቆጠረ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ወዲያውኑ ያስወግደዋል፤ ፓይፓይ ግን የማይፈለገውን አከማችቶ በየጊዜው ይጠርጋል። በዚህም ምክንያት ፋይል ከፍቶ መዝጋትን የሚረሳ ፕሮግራመር በሲፓይተን ዘመኑን ሁሉ ሳይነቃበት ይኖርና በፓይፓይ ላይ ያልተዘጉ ፋይሎች በዝተውበት ይጋለጣል። አዲስ ነገር በመከተል ረገድም ፓይፓይ ሁልጊዜ ከመደበኛው ኋላ ነው፤ እንዲያውም ራሱ የተሠራበት መሣሪያ በፓይተን 2.7 ላይ የቆመ በመሆኑ፣ መደበኛው ፓይተን 2 በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 በይፋ ከተሰናበተ በኋላም ፓይፓይ ያንን አሮጌ ትርጉም ማስኬዱን ቀጥሏል። ከሁሉ ፈጣን የተባለው አሮጌውን ቋንቋ ተሸክሞ መሮጡ ለወጉ ጸሐፊ የተዘጋጀ ስጦታ ይመስላል።

በአፉላ የሚቀመጠው ፕሮግራመር የሚሠራው አብዛኛው ሥራ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። የኩባንያ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ፕሮግራሙ የሚዘገየው ከዳታቤዝ መልስ ሲጠብቅ፣ ከሌላ ሰርቨር መረጃ ሲመጣለት፣ ወይም አንድ ጊዜ መጠየቅ የሚበቃውን ጥያቄ መቶ ጊዜ ሲጠይቅ ነው፤ ማስኬጃውን ቢያፈጥነው መጠበቂያው ቦታ ላይ ቶሎ ደርሶ እዚያው ይጠብቃል። ፕሮፋይለር የተባለውን፣ የፕሮግራሙ ጊዜ በየትኛው ክፍል እንዳለቀ የሚያሳየውን መሣሪያ ለጥቂት ደቂቃ ማስነሣት ይህን ግልጽ ባደረገው ነበር፤ ነገር ግን ፕሮፋይለር ጥፋቱን በጸሐፊው ኮድ ላይ የማግኘት መጥፎ ጠባይ ስላለው፣ ማስኬጃን የሚመለከት ክርክር ሁልጊዜ ከእርሱ ይልቅ ተወዳጅ ነው።

ሆኖም አንድ ሥራ አለ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ፕሮግራመር ከሌላው ይልቅ ቅርብ የሆነና ጥያቄውን በእውነት የሚያነሣ። የአማርኛ ግስ ከፊትና ከኋላ በሚጣበቁበት ክፍሎች የተነሣ ከአንድ ሥር እጅግ ብዙ መልክ ያወጣል፤ «ስላልተነገራቸው» የሚለውን ቃል ኮምፒውተር ለመረዳት ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ ተደራጊነቱን፣ ሥሩንና ባለ ጉዳዮቹን በየተራ መለየት አለበት። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን እንዲህ የሚተነትን ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም በፓይተን ጽፎ በ2011 አስተዋውቋል። የዚህ ዓይነት ሥራ ዳታቤዝ አይጠብቅም፤ በናምፓይ የቁጥር ሰንጠረዥም አይደረደርም። ፊደልን ከፊደል እያገናዘበ፣ በሚከፈቱና በሚዘጉ መንገዶች እየተመላለሰ፣ ያንኑ ጥያቄ ለሚሊዮን ቃላት ይደግማል፤ ይህም ጂት የሚወደው ዓይነት ድግግሞሽ ነው። አንድ ወጣት የአያቱን ትውልድ ቃለ መጠይቆች አስጽፎ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ሊተነትን ቢነሣ፣ ፓይፓይን መሞከሩ ከንቱ ልፋት አይሆንም።

እዚህም ላይ ፊደሉ የራሱን ቀረጥ ያስከፍላል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር በሜሞሪ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ግን ማስኬጃው ነው። ሲፓይተን ከ3.3 ትርጉም ጀምሮ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ፊደል አይቶ ስፋቱን ስለሚወስን፣ ተራ የአማርኛ ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ይይዝለታል፤ ባይት ማለት የኮምፒውተር ሜሞሪ መቁጠሪያ የሆነው ትንሽ መስፈሪያ ነው። ፓይፓይ በ2019 ከወጣው 7.1 ትርጉም ወዲህ ጽሑፍን በውስጡ የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ ስለሆነ፣ ለላቲን ፊደል 1 ባይት ሲበቃው ለ«ሀ» ግን 3 ባይት ይወስዳል። ፈጣኑ ማስኬጃ ለአማርኛው ጽሑፍ የአንድ ጊዜ ተኩል ቦታ ይጠይቃል ማለት ነው፤ መቶኛው ፊደል የትኛው ነው ሲባልም የፊደላቱ ስፋት እኩል ስላልሆነ ረዳት ማውጫ ማማከር ይኖርበታል። ይህ ወጪ ጂቱ ከሚያተርፈው ጋር ሲተያይ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን አለመክፈሉ ሳይመዘገብ መታለፍ የለበትም።

አያቶች ግን ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ የሚጠይቁት ስለ ባይት ሳይሆን ስለ ሰንበት ነው፤ ጥያቄያቸውም ከባለሙያዎቹ ጥያቄ ሁሉ የጠለቀ ነው። በእስራኤል የሥራ ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ሲሆን፣ ዓርብ ፀሐይ ስትገባ ሰንበት ይገባል። ልጁ ዓርብ ከቀትር በኋላ ያስጀመረው የአምስት ሰዓት ስሌት በሰንበት መካከል ራሱ እየሄደ ቢቀር፣ ሠራተኛው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ በተጠናቀረው ሚሽና በተባለው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ ይህ ነገር ቀድሞ ተከራክረውበታል። በሻማይ ስም የሚጠራው ወገን፣ ቀለምን በዓርብ መዘፍዘፍ የሚፈቀደው ፀሐይ ሳትጠልቅ ተዘፍዝፎ የሚያልቅ ከሆነ ብቻ ነው አለ፤ በሂሌል ስም የሚጠራው ወገን ግን ሰው በቀን ካስጀመረው በኋላ ዕቃው በራሱ ቢቀጥል አይከለከልም አለ። በቤተ ሻማይ ሥርዓት ለሚመራ ፕሮግራመር ፈጣን ማስኬጃ የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የሕግ ግዴታ ይሆንበታል፤ አምስቱን ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት የሚያወርድለት ፓይፓይ ቢያንስ በክረምት፣ ቀኑ በሚያጥርበት ወራት፣ ከሁሉ በፊት ሊጫን ይገባዋል። ሕጉ የጸናው ግን በቤተ ሂሌል ቃል ነው፤ ስለዚህ በሲፓይተን የሚዘገየው ሁሉ በሕግ ተሸፍኖ ይሄዳል።

የኢትዮጵያ አይሁድ፣ የቤተ እስራኤል፣ ጥንታዊ ልማድ ግን ሚሽናን ሳያውቅ ወደ ጥብቁ ወገን ያደላ ነበር። ኦሪትንና ትእዛዘ ሰንበት የተባለውን መጽሐፍ ይዘው ያስተማሩት ቄሶች፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ እንዲጠፋና የሰንበት ምግብ ቀዝቃዛውን እንዲበላ ያዙ ነበር፤ እየነደደ የሚያድር እሳት ተቀባይነት ካልነበረው፣ እየሠራ የሚያድር ኮምፒውተር በምን ይሻላል የሚለውን የአያት ጥያቄ በባይት ቁጥር መመለስ አይቻልም። ልጁ የጂትን አሠራር፣ የፓይፓይንና የናምፓይን ጠብ፣ የፌስቡክን መሄድና የዊኪፔዲያን መመለስ በትዕግሥት ቢያስረዳቸው እርሳቸውም በትዕግሥት ያዳምጡታል፤ ከዚያም ሥራው አምስት ሰዓት የሚፈጅ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ሐሙስ ለምን እንዳልተጀመረ ይጠይቁታል፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ማስኬጃ ደግሞ እስካሁን የሠራ የለም።